የአባባ የምትሾር ኳስ

ወንድሜ ሙባሪክ፣ አሰላሙ አለይኩም። የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ቡታጅራ አልሐምዱሊላህ ሰላም ነን።

አባባ በወጣት ማዕከሉ የጠረጴዛ ቴኒስ ሰርቭ እያስተማረኝ ነው። ኳሷን ከጎኗ በራኬቱ ፋቅ ሳደርጋት ማዶ ነጥራ ወደ ጎን ትታጠፋለች። በስሱ የተነካች ኳስ እንዴት እንዲህ እንደምትሾር ይገርመኛል፤ አንተ ታውቀው ይሆን? እሱ አሁን በእጁ ማሳየት ትቶ በአፉ ነው የሚያስረዳኝ። ኳሷ ሳይወረውራት ከመዳፉ ትወድቃለች። "ንፋስ ነው" ይላል። መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋኋቸው።

ለአረፋ እንደማትቀር ነገርኩት። ሁልጊዜ በሬውን ራሱ የሚያርደው አባባ "ዘንድሮ ቢላዋውን ሙባሪክ ይያዝ" አለኝ።

እስክንገናኝ አላህ ይጠብቅህ፤ ከቻልክ ቀደም ብለህ ና።

እህትህ ሙዝደሊፋ