ገመዱን ማን ይይዛል?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 2 ቀን 1979

ዛሬም ወረድኩ። ላይኛው አገር ዘንቦ የጀውሃ ወንዝ የግራር ቅርንጫፍ፣ የማሽላ አገዳ፣ አንድ የሞተ ፍየል ጭምር አምጥቶ የፓምፑ ጉድጓድ ውስጥ ከምሮታል። ወንፊቱ ካልተጠረገ ፓምፑ ውሃ አይስብም። ውሃ ከሌለ የእርሻው የትምባሆ ችግኝ በሦስት ቀን ይደርቃል። አምስት ሜትር ወደ ታች፣ ዓይን በማያሳይ ጭቃ ውስጥ፣ በዳበሳ… አሥራ አንድ ዓመት የበላሁት እንጀራ ይኸው ነው።

ጋሼ ደስታ እንደወትሮው ላይ ሆነው ገመድ ያዙልኝ። ወገቤ ላይ የሚቋጥሩትም እሳቸው ናቸው። ወራጅ ራሱ አይቋጥርም፣ ያዡ ነው። የሞተሩን ማስነሻ ማኖቬላ ቂጣቸው ሥር አድርገው ይቀመጣሉ፤ እኔ ታች ሳለሁ አንዱ ጅል መጥቶ እንዳያስነሳው። ከዚያ አባታችን ሆይን ይደግማሉ። ሲጨርሱ አንዴ ይስባሉ፤ «አለህ ወይ?» ማለት ነው። እኔም አንዴ እመልሳለሁ፤ «አለሁ»። ሦስቴ ከሳብኩ አውጡኝ ነው። ዝም ካልኩም ማውጣት ነው። እኔ ታች በልቤ ከቁርአን ቁልሁወላሁን እቀራለሁ። አራት ቁልሁወላሁ ልክ አንድ አባታችን ሆይ ነው። እስከዛሬ አንድ ቀን አላዛነፉም።

ቤት ስገባ ሚስቴ ዙሀራ ከጆሮዬ ጭቃ አወጣች። «ማሽላ ብዘራበት ይበቅላል» አለች።

ዓርብ፣ ሰኔ 5

ኮከብ ሠራተኛ ተባልኩ! ጥቁር ባሕር ላይ በመርከብ የአሥራ ሁለት ቀን እረፍት። ከየመሥሪያ ቤቱ አንዳንድ ሰው ነው የሚሄደው። ከአዋሽ የሰፋ ውሃ አይቼ አላውቅም።

የቡድኑ መሪ ጓድ ታደሰ ነው፣ የእርሻችን የፓርቲ ተጠሪ። ፕሮግራሙን አነበበልኝ። «ስድስተኛ ቀን፦ የአየር ሲሊንደር አዝሎ ባሕር ውስጥ መጥለቅ፣ ለፈቃደኞች።» እዚያው ስሜን ጻፈ። «የኛ ጠላቂ ለሶቭየት ጓዶች ያሳያል» አለ። ፈቃደኛ ነህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝም እሺ እል ነበር… አንድ ጊዜ፣ ጭቃ በሌለው ውሃ ውስጥ ዓይኔን ገልጬ ማየት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

እሑድ፣ ሰኔ 7

ሻንጣ ሳዘጋጅ ዋልኩ። ልብሱ አንድ ጥግ ሞላ። ቀሪው የሥራ ዕቃዬ ነው። ሰማያዊው የናይሎን ገመድ፣ ሠላሳ ሜትር። የአሰብ ሹፌር ጀውሃ ምሳ ሲበላ የሸጠልን ነው፤ «የመርከብ ገመድ ነው» ብሎ ምሎልናል። የመኪና ጎማ ከመነዳሪ፣ ተነፍቶ የሚያንሳፍፍ። መነጽር። ፊሽካ። ገመድ ቢጠመጠም መቁረጫ ቢላ።

ዙሀራ ቆማ ታየኛለች።

«መርከቡ ላይ ደግሞ ምን ፓምፕ ተበላሸ?»

«በማላውቀው ገመድ አልወርድም።»

«ገመዱስ እሺ። ያዡስ? ጋሼ ደስታን አጣጥፈህ ልትከታቸው ነው?»

ሳቅሁ። ከዚያ «አንተ ስትሄድ እዚህ ማን ሊወርድ ነው? በምን ገመድ?» አለች። ሻንጣውን ዘጋሁት። ሌላ ሰው ይፈልጋሉ… ማን? ደረታቸውን የታመሙት ጋሼ ደስታ?

ሐሙስ፣ ሰኔ 11

ጓድ ታደሰ ሻንጣዬን ቢሮ አስመጣው። «የንቃት ፍተሻ ነው» አለ። ዕቃዬን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ገመዱን ሲያወጣ አላልቅ አለው።

«መዋኘት ትችላለህ።»

«እችላለሁ።»

«ገመድ አለህ። መንሳፈፊያ አለህ። ቢላ አለህ። ከባሕሩ ማዶ ማን አለ?»

«አላውቅም።»

«ቱርክ!»

ጌታዬ፣ እኔ ቱርክን የት አውቄ! የደህንነት ዕቃ ነው፣ ሰው ውሃ ውስጥ እንዳይሞት ነው አልኩ። አምና ከሌላ ቡድን አንድ ሰው ሄዶ መቅረቱን ነገረኝ። ዋሱ እስካሁን አልተፈታም አለ። ሁሉንም ጠቅልሎ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ቁልፉ ሱሪው ኪስ ገባ።

«ገመዱ እኮ እዚህም ያስፈልጋል፣ ጓድ» አልኩ። «ሲያስፈልግ ይታያል» አለ።

ይህን ደብተር ሻንጣው ውስጥ አለመክተቴ… አልሐምዱሊላህ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 13

ዋስ አምጣ ተባልኩ። ጋሼ ደስታ ሳልጠይቃቸው መጡ። ጓድ ታደሰ «ካልተመለሰ ምን እንደሚሆኑ ያውቃሉ?» አላቸው። «ታስሩኛላችኋ» ብለው ጣታቸውን ቀለም ነከሩ።

መንገድ ላይ «ለምን ፈረሙ?» አልኳቸው። «አሥራ አንድ ዓመት ስስብህ መጥተህልኛል» አሉ።

ጓድ ታደሰ ሰኞ ደብረ ብርሃን ለስብሰባ ይሄዳል። ሳምንት ይቆያል። ቁልፉ ከሱ ጋር ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 17

አለሁ። ጋሼ ደስታ ክሊኒክ ተኝተዋል። መጻፍ አልችልም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 18

ልጻፈው።

ጎርፉ ማክሰኞ ከሰዓት መጣ። ትናንት ጠዋት ወንፊቱ ጥርቅም ብሎ ተደፈነ። ከቢሮ «አሁኑኑ ይጠረግ» ተባለ። ገመዱስ? ተቆልፎበታል።

ጋሼ ደስታ «ቁም ሳጥኑን እንስበረው። ተጠያቂው እኔ ልሁን» አሉ።

እምቢ አልኩ። ለምን? እዚህም ልዋሽ? መርከቡን ፈልጌ ነው። የፓርቲ ቢሮ ሰበረ ከተባልኩ ጥቁር ባሕር ቀርቶ እዚሁ ቀወትም አያኖሩኝ። «በሌላ ገመድ እወርዳለሁ» አልኩ። በአህያ አሸዋ ከሚያመላልሰው ከኢብሮ የጭነት ገመድ ተዋስን፣ ቃጫ። ጋሼ ደስታ ጎተት ጎተት አድርገው አዩት። «ይኼ ከርዳዳ ነው፣ ወሬ አያደርስም» አሉ። ቢሆንም ቋጠሩልኝ።

ቃጫ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። ወንፊቱ ጥግ ላይ ተጠመጠመ፣ እኔ አላወቅሁም። ቅርንጫፍ ስስብ ግንዱ ተንከባሎ እግሬ ላይ ወደቀ። አራት ቁልሁወላሁ ጨረስኩ። ምንም። ሦስቴ ሳብኩ። ለካ የምስበው የወንፊቱን ብረት ነው! ቢላዬ የለም፣ ተቆልፏል። ስምንተኛውን ጨረስኩ። ምንም። ዘጠኝ ላይ ቃላቱ ተምታቱብኝ። ዙሀራ መጣችብኝ። ከዚያ ያ ፊርማ… የጋሼ ደስታ ጣት፣ ሰማያዊ ቀለም።

አንድ እጅ ቁርጭምጭሚቴን ያዘ።

ላይ ጋሼ ደስታ በጊዜው ስበው ነበር፤ ገመዱ ብረቱ ላይ ተበጥሶ ባዶውን መጣላቸው። ማኖቬላውን ለኢብሮ ሰጥተው ከነጫማቸው ገቡ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በደረታቸው ምክንያት መጥለቅ ካቆሙ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ግንዱን እንዴት እንዳነሱት አላውቅም። ስንወጣ እኔ ጭቃ ተፋሁ፣ እሳቸው ደም ተፉ።

መርከብ! አፈር በበላ መርከብ።

ሰኞ፣ ሰኔ 22

ጓድ ታደሰ ተመለሰ። ጋሼ ደስታ ክሊኒክ ሳሉ መጣ፤ ገመዱን በክንዱ ጠምጥሞ ይዟል። ቆሞ ቀረ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ገመዱ ምን በደለ ብለህ አሰርከው፣ ልጄ?» አሉት።

«እኔም ዋስ አለብኝ፣ ጋሼ። አንድ ሰው ቢጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«እንዲህ እንዳትሆን ነበር አባትህ መሪጌታ ተሰማ ዳዊት ያስደገሙህ…»

ጓድ ታደሰ ቶሎ ብሎ በሩን አየ። «እሱን ይተውት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ወረቀት ሰጠኝ። «ገመድ አንድ፣ ቢላ አንድ፣ የሥራ መሣሪያ፣ ይዞ እንዲሄድ ተፈቅዷል»፣ ማኅተም ያለበት። ይቅርታ አላለም። ወረቀቱ ግን በእጁ የተጻፈ ነው፣ ሁለት ቦታ ተሰርዟል።

አልሄድም ብዬ ለጋሼ ደስታ ነገርኳቸው። ተቆጡ። «እኔ ደሜን የተፋሁት ቤትህ እንድትቀመጥ ነው? ሂድና ንጹሕ ውሃ ምን እንደሚመስል ንገረኝ» አሉ። እኔ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። እንዴት አወቁ?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 30

ዛሬ እሄዳለሁ። ገመዱን ፓምፕ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ ቢላውም፣ ከመነዳሪውም አጠገቡ። በኔ ፈንታ የሚወርደው ኢብሮ ነው። ሳምንቱን አለማመድኩት። ጋሼ ደስታ ከአልጋ ተነስተው ማኖቬላው ላይ ተቀምጠዋል። ለኢብሮ ቋጠሮውን ሲቋጥሩለት አየሁ። ትንሽ ቅናት ቢጤ ያዘኝ፣ ምን ልዋሽ።

ዙሀራ ሻንጣዬን አንስታ «ቀለለ» አለች። መነጽሬንና ፊሽካዬን ብቻ ነው የያዝኩት። ጓድ ታደሰ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ጠየቀኝ። «ገመዱስ?» አለ። «ሥራ ላይ ነው» አልኩት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9፣ ጥቁር ባሕር

ስድስተኛው ቀን። በትንሽ ጀልባ ከመርከቡ ራቅ አልን። ከኛ ቡድን ሌሎቹ ፈቃደኛ አይደለንም ብለው ጀልባዋ ላይ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። አስጠላቂው ቀይ ወጣት ሲሊንደሩን አሳዘለኝ። በአስተርጓሚዋ በኩል ገመድ ጠየቅሁ። ሳቀ። «አየር አለህ፣ እኔም አብሬህ ነኝ፣ ገመድ ለምን?» አለ። ሁሉም ያዩኛል።

«አልወርድም» አልኩ።

ጓድ ታደሰ ጆሮዬ ሥር መጣ። «አታዋርደን።»

«ላይ ገመድ የሚይዝልኝ ካለ እወርዳለሁ። ከሌለ አልወርድም።»

ጓድ ታደሰ ኮቱን አወለቀ። ከጀልባዋ ገመድ አንዱን አነሳና «እኔ እይዛለሁ» አለ። አስቤዋለሁ… ታስሬ ብወርድ ለሱም ይሻለዋል፣ ቱርክ አልሄድበትም። ወገቤ ላይ ራሱ ቋጠረ።

«በየስንቱ ልሳብ?»

«ጋሼ ደስታ በአባታችን ሆይ ነው የሚለኩት።»

ወደ ሰዎቹ ዞር አለ። «ሰዓት አለኝ!» አለ ጮክ ብሎ። «በየአንድ ደቂቃው እስባለሁ!»

አንድ ደቂቃ ስምንት ቁልሁወላሁ ነው። እሺ ብዬ ወረድኩ።

መጀመሪያ ያየሁት እጄን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ውሃ ውስጥ ስሠራ እጄን አይቼው አላውቅም። አምስቱም ጣቶች፣ ጠባሳው፣ ጥፍሬ… ከዚያ አሸዋው። ከዚያ አሣ፣ መንጋ ሆኖ። ቀና ስል የጀልባዋ ሆድ፣ ብርሃኑ፣ ገመዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ። ለጋሼ ደስታ ምን ብዬ ልንገራቸው? አለቀስኩ መሰለኝ፤ በመነጽር ውስጥ አይታወቅም።

ያኔ መቅራት መርሳቴ ትዝ አለኝ። ፍርሃቴ መጣ። ጉድጓዱ፣ ግንዱ፣ ዘጠኝ ላይ የተምታታው… ገመዱ አንዴ ተሳበ። መለስኩ። ከዚያ ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

ተሳበ።

ተሳስቶ ይሆናል አልኩ። መለስኩ። እንደገና ቀራሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ተሳበ። እንደገናም። አንዲት ቃል ሳትዛነፍ፣ ልክ እንደ ጋሼ ደስታ፣ አምስት ጊዜ በተከታታይ።

ስወጣ እጄን ይዞ ጎተተኝ። ቋጠሮውን ሲፈታ ፊቴን አላየም፣ ከንፈሩ ደርቋል። ሰዎቹ ያጨበጭባሉ።

«ሰዓትዎ ይፈጥናል፣ ጓድ» አልኩት ቀስ ብዬ።

የእጅ ሰዓቱን አየ። ከዚያ እኔን አየ።

«አሮጌ ነው» አለ። «የአባቴ ነው።»

ለጓድ ታደሰ ስል ይህን ገጽ ቀድጄ ባሕር እጥለዋለሁ። ለጋሼ ደስታ ግን በአፌ እነግራቸዋለሁ።