የኋላ በር የሌላት መኪና

ልጄ ደረበ፣ የሽንፋው ጊዮርጊስ በምትነዳበት መንገድ ሁሉ ይቅደምልህ። ሰሊጡ ታጭዶ ቆሟል፤ መንገዱ ስለሚያስፈራ የሚያራግፍ ሠራተኛ ከደጋ አልወረደም።

ለሥራ መመላለሻ ልትገዛት ያሰብካትን ቀይ መኪና እህትህ እየሩስ በስልኳ አሳየችኝ። መቼም ታምራለች፤ ግን የኋላ በር የላትም። አባትህ የተሳፈሩባትን መኪና ባለፈው ወር ታጣቂዎች አስቆሟት። አባትህ በኋላው በር ዘለው ማሽላው ውስጥ ስለገቡ ተረፉ። ከፊት የነበሩት ተወስደው ወሬያቸው ጠፍቷል።

እየሩስ «ጀርመን አገር ምን ሽፍታ አለና!» ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ! አንተ ባለ አራት በሯን ግዛልኝ።

ለገና እመጣለሁ ያልከውንም ተወው። እግዚአብሔር ባለህበት ይጠብቅህ። ናፍቆትህን እኔ እችለዋለሁ፤ በዚህ መንገድ ግን በማንም መኪና እንዳትመጣብኝ።

እናትህ አሰበች