ስከሳ ያለቀሱልኝ

ሰኞ

ስኳሬ ወረደ። ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ። መርፌውም ቀረልኝ።

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር መሣሪያው የተበላሸ መስሏት ሌላ ጣቴን ወጋች፤ ያው ሆነ። "ወይዘሮ ዘነበች፣ ምን ሲያደርጉ ከረሙ?" አለችኝ። ምን አደርጋለሁ፤ አፌን ከለከልኩ፣ እግሬን አደከምኩ። ክረምት ላይ "በዚህ ከቀጠሉ ዕድሜ ልክዎን መርፌ ነው" ስትለኝ ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ። እያለቀስኩም ዳቦ በሻይ በላሁ፤ ሻዩ ደግሞ ማንኪያ የሚያቆም ስኳር ነበረው። እንዲህ ያለች ሴት ነበርኩ።

የተውኩት፦ ስኳር፣ ለስላሳ፣ "ልቅመሰው" እያልኩ ከድስት የምውጠው ወጥ። ምግብ ቤት ያላት ሴት ምሳ ሳትቀርብ በመቅመስ ብቻ ትጠግባለች።

የያዝኩት፦ ባሚያ፣ የባሮ ዓሣ በቲማቲም፣ በጾሙ ቀን ጎመን፣ ንጋት ላይ እስከ ድልድዩ ደርሶ መልስ በእግር።

ብስክሌቱ ግን የአሪየት ጥፋት ነው። አሪየት ዓሣ የምታመጣልኝ ናት፤ ሳፋዋን ከወንድሟ ብስክሌት ኋላ አስራ ከወንዝ ትመጣለች። አንድ ቀን ስራመድ አይታኝ "ኤሊ ይቀድምሻል። ነይ ውጪ" አለችኝ። ወጣሁ፣ ወደቅሁ፣ ጉልበቴ ተላጠ። እስኪበቃት ስቃ አነሳችኝ። አሁን ብቻዬን እነዳለሁ። ያቃተኝ ማቆሙ ነው፤ ማንጎ ዛፍ ፈልጌ እደገፋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ የሚያስደስተኝ ነገር ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ለጌታሁን ስነግረው ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን ሳያነሳ "ስኳሩ ወርዶ አንቺም አብረሽ ወረድሽ። ሰው ምን ይላል?" አለ። ባሌ ነው እንግዲህ።

ማክሰኞ

ሰው የሚለውን ዛሬ ሰማሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ጋሽ ደሳለኝ፣ ቤቱን ከከፈትኩ ጀምሮ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ተጋቢኖ የሚበላው፣ ዛሬ ከመንገዱ ማዶ በላ። ሲመለስ በበሬ አለፈ።

"ጋሽ ደሳለኝ፣ ምን አስቀየምኩዎት?"

"ኧረ ምንም። ባለቤቷን ያላወፈረ ምግብ እኔን ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው" ብሎ ሳቀ። አብሮት ያለው አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጠበል ሞክሪ፣ ዘነበች። መድኃኒቱም እኮ በነጻ ይሰጣል" አለኝ።

የትኛው መድኃኒት እንደሆነ ገባኝ፤ የኤች አይ ቪው። ስኳር ነው ብል ማን ያምነኛል? ያንን በሽታ መደበቅ የፈለገ ሁሉ "ስኳር ነው" እያለ ስሙን አበላሽቶታል።

እንዴት ያለ ነገር ነው። እየታመምኩ ሳለሁ "አማረብሽ፣ ተስማማሽ" ይሉኝ ነበር። ስድን ቀብሬን ያስባሉ።

ጌታሁን ባዶውን ወንበር አይቶ "ብስክሌቱን ተዪ፣ ቅቤሽን ብዪ። ቤቱ ሊዘጋ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፤ እንዲህ ከሰነበተ ይዘጋል። የምግብ ቤቱ ነገር እንጀራዬ ብቻ አይደለም፣ በዚህ ከተማ ስሜ ማለት እሱ ነው። ታዲያ ልወፍርና መርፌ ልወጋ? ወይስ ጤነኛ ሆኜ በሬን ልዝጋ? ስጽፈው ራሱ ያናድደኛል።

ረቡዕ

አልቃሾቹ መጡ።

ማን እንደሆነ አላውቅም፣ አንዱ ጎሬ ደውሎ "ዘነበች አትተርፍም፣ ድረሱ" ብሏል። ወይንሸት፣ የጌታሁን እህት፣ ጥቁር ለብሳ ከአውቶቡስ ወረደች። በሬ ላይ ቆማ ስታለቅስ እኔ በብስክሌት ከወንዝ እየመጣሁ ነበር። አየችኝ። ማቆም ስለማልችል ለቅሶዋን አቋርጬ አለፍኩ። ዞሬ ስመጣም ታለቅሳለች፣ ልቧ ግን የለበትም። ማንጎው ላይ ተደግፌ ወረድኩ።

"ዘኔ፣ አልጋ ላይ አይደለሽም እንዴ?"

"ዛሬ ተነሳሁ" አልኳት።

ታማሚ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣምና የጎሬ ማር በጀሪካን፣ ለስላሳ በሳጥን፣ ብስኩት በካርቶን ይዛልኛለች። ስኳር ያለበትን ሰው ለመግደል ከዚህ የተሻለ ስንቅ አይገኝም። ትዕግስት የምትባል ጉንጯ ሙሉ የሆነ የጎረቤቷን ልጅም አምጥታለች፤ "እንድታግዝሽ ነው" አለችኝ። ጓዳ ገብቼ ዓሣ ስገለብጥ ግን ለጌታሁን የምትለውን ሰማሁ። "ወንድ ልጅ ብቻውን አይቀርም። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ እጇም ይጣፍጣል።"

ጌታሁን ዝም አለ። ያንን ዝምታ አልረሳውም።

ትንሽ ቆይቼ መኝታ ቤት ስገባ ወይንሸት ቁምሳጥኔን ከፍታ የሐበሻ ቀሚሴን ደረቷ ላይ ስትለካ አገኘኋት። "ሰፍቶሽ ይሆናል ብዬ ነው" አለች።

ዓርብ

ትናንት አልጻፍኩም። ዛሬ ግን ሳልጽፍ ብተኛ እፈነዳለሁ።

ትዕግስትን ንጋት ላይ ቀስቅሼ እስከ ድልድዩ አስሄድኳት። ስትመለስ ጫማዋን በእጇ ይዛለች።

"እትዬ፣ እውነት የሚሞቱት እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

ልጅቷን ወደድኳት።

ከቀትር በፊት ወይንሸት ወደቀች። የጋምቤላ ሙቀት ለጎሬ ሰው አይራራም። እሷ ደግሞ ያመጣችልኝን ማር "እንዳይበላሽ" እያለች በዳቦ፣ ውኃ በጠማት ቁጥር ለስላሳውን ታወርደው ነበር። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሲስተር ጣቷን ወጋች። መሣሪያውን አየች፣ እኔን አየችኝ፣ ሌላ ጣት ወጋች። ይህን ነገር አውቀዋለሁ አልኩ በልቤ። ስኳር ነው፤ የኔ በክፉ ዘመኑም እንደዚያ ወጥቶ አያውቅም። መርፌውን እዚያው ሰጧት።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁት "እህቷ ናት መሰል፣ አንጀት ትበላለች" ተባባሉ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አይተው።

ስመለስ እጄን ያዘችኝ። "ዘኔ፣ እሞታለሁ?"

"ገና ነው። ብትሞቺም ጥቁሩን ልብስ ይዘሽ ነው የመጣሽው፣ አንቸገርም።"

አለቀሰች። የዛሬው ለቅሶ ልብ ነበረው። አሳዘነችኝ፣ ግን ቶሎ አይደለም።

ሲስተር ወረቀቷን እየጻፈች "ምን እንደሚበሉ እኔ ከማስረዳዎት ወይዘሮ ዘነበች ታብስልልዎት" አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ከምግብ ቤትዎ ሰው እየጠፋ ነው አሉኝ፣ እውነት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ብዕሯን አስቀምጣ ሰማችኝ።

ቅዳሜ

ቀስ ብላ ትራመድ ስለተባለ ወይንሸትን እስከ ማንጎው ድረስ ወሰድኳት። ቁና ቁና ትተነፍሳለች። አሪየት ሳፋዋን ጭና ስታልፍ "ሁለተኛ ኤሊ አገኘሽ" አለችኝ። ወይንሸት "ምን አለች?" አለች። "እግዜር ይማርሽ አለች" አልኳት።

ምሳ ሰዓት ወንበሩ ያው ባዶ ነው። ሲስተር ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች፣ ባልደረቦቿን አስከትላ ከተፍ አለች። ውስጥ ግቡ ብላቸው እምቢ አለች። ሆን ብላ በረንዳው ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ቦታ ተቀመጡ። ከእጄ በሉ። ጎረሱ፣ ተጎራረሱ። እንደዚያ ያለ ማስታወቂያ በብር አይገዛም።

ጋሽ ደሳለኝ ማዶ በር ላይ ጥርሱን እየጎረጎረ ያያል። ነጭ ጋውን ሲጎርስ ሲያይ ስቲኪኒውን ጣለ፣ መንገዱን ተሻገረ።

"ተጋቢኖ አለ?"

"ለእርስዎ ባሚያ ብቻ ነው ያለው።"

ተጋቢኖውማ እሳት ላይ ይንተከተካል። ግን ባሚያዋን ይብላት። ባሚያው ከጣቱ እስከ አፉ እየተሳበበት በላ። "ይጨርሱት እንጂ፣ ያወፍራል" አልኩት። ከኋላው ሌሎችም ገቡ። ሁሉም አይደሉም፤ ያ የጠበሉ ሰውዬ አልመጣም።

ጌታሁን ሲገባ ቀለል አድርጎ "ትዕግስት መቼ ነው የምትመለሰው?" አለኝ።

"አትመለስም። እኔ ጋ ትሠራለች፣ በደመወዝ። አንተም ከሰኞ ጀምሮ ንጋት ላይ ከእኛ ጋር ትሄዳለህ። ሆድህን አይቼዋለሁ።"

ዝም አለ። ይህኛውን ዝምታ ወደድኩት።

ሰኞ ወንበሩ ይሞላ እንደሆነ አላውቅም። ስኳሩም ተመልሶ ይወጣ እንደሆነ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። እሑድ እኔ ከቅዳሴ፣ አሪየትም ከጸሎት ቤቷ ስንወጣ፣ የባሮን ድልድይ በብስክሌት እሻገራለሁ። ማዶ ላይ ዓሣና ባሚያ ይቀርባል፤ ቅቤም ለስላሳም የለም። ያለቀሱልኝ ሁሉ ይምጡ፣ ጎሬ የደወለውም፣ ቀሚሴን የለካችውም፣ ጠበል ያዘዘልኝም። ማቆም አሁንም አልቻልኩምና ጠንከር ያሉት ከፊት ቆመው ይያዙኝ። የነገው እሑድ አይደለም፤ ነገ ልለማመድበት። የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ነው።