ያልታጠበው ካናቴራ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ልብስ የሚያደርቅ ፀሐይ። የልጅ ልጄ ወደ ትምህርቷ እንደሄደች ክፍሏን ላስተካክል ገባሁ። አልጋው አልተነጠፈም... ስንት ጊዜ ልናገር? ከአልጋው ሥር ትልቅ የላስቲክ ከረጢት። ስከፍተው አሥራ ሁለት የወንድ ካናቴራ! ሁሉም የተለበሰ፣ ሁሉም የሚሸት። አንድ ቢሆን እሺ፣ ልጅነት ነው እላለሁ። አሥራ ሁለት?

ቆጣ ልበል? ዝም ልበል? ዝም ብዬ ዘፈዘፍኩ። አሸሁ፣ አለቀለቅኩ፣ አሰጣሁ፣ ተኮስኩ። የብብቱ ቢጫ በሎሚ ለቀቀ። እያንዳንዱ ላይ ቁጥር በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ ነበር። መርፌ ቁልፍ ይዝጋል። ነቅዬ ጣልኩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል ኃላፊ የነበረች ሴት እድፍ አይታ አታልፍም። ልጅ ሳለን መምህርታችን በማስመሪያ ጣታችንን እየመታች «የቆሸሸ አንገትጌ የሰነፍ ምስክር ነው» ትል ነበር። አጣጥፌ አልጋዋ ላይ ደረደርኩላት። ደስ ይላታል።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ደስ አላላትም።

«እማማ፣ ምን አደረግሽኝ!» አለች። አንቺ። አፏን ከፈታች ጀምሮ አንቱ የምትለኝ ልጅ። አላረምኳትም።

ለካ የመመረቂያ ጥናቷ ነው። አሥራ ሁለት ወንዶች ያለሽቶ፣ ያለሳሙና ሁለት ሌሊት ለብሰው የተኙበት። ሴቶች እያሸተቱ ከአሥር ነጥብ ሊሰጡ ነበር።

«ላብ ምን ሊባል ይሸተታል?»

«ሰው የትዳር ጓደኛ በዓይኑ ብቻ አይመርጥም እማማ። አፍንጫም ይመርጣል። ከእኛ የተለየ የበሽታ መከላከያ ያለው ሰው ሽታው ደስ ይለናል ይባላል። ልጆቻችን ጠንካራ እንዲሆኑ። እኛ ሳናውቀው ገላችን ከጥንት ጀምሮ የተማረው ነው።»

«በእኛ ጊዜ የሚያሸቱልን ወላጆቻችን ነበሩ።»

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ጽሑፉ እስከ የካቲት 20 ካልገባ ግን ዓመቱን ትደግማለች። በእኔ ሳሙና።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ወንዶቹ መጀመሪያ አሾፉባት። ታጥቦ ተተኩሶ የተመለሰውን ሲያዩ አሥራ አንዱ እንደገና እሺ አሉ። አንዱማ ሱሪም ጨምሮ ይዞ መጣ። አሥራ ሁለተኛው ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዷል።

«ከታች ያለው ቁልፍ ሠሪስ?» አለች። «አማካሪዬ በዕድሜ የገፋ ሰው ቢጨመር ብሎኝ ነበር።»

እሱ! የደረጃውን መደገፊያ በዘይት እጁ የሚያጠቁረው። ሦስት ዓመት ከ«እንደምን አደሩ»ና ከመደገፊያው ጭቅጭቅ ያላለፍን ሰዎች። ግን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወረድኩ።

«እሜቴ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አቆሸሽኩ?»

«ካናቴራዎን ፈልጌ ነበር።»

ሞረዱን አስቀመጠ። «ሊያጥቡልኝ?»

«ላላጥብ።»

«በሉ እንግዲህ፣ ዓለም ሊያልፍ ነው!»

ጉዳዩን ሳስረዳው ሳቁ ደረጃው ድረስ ተከተለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ረቂቋን በቀይ እርሳስ አየሁ። ነጠላ ሰረዝ የሚባል ነገር አታውቅም። ሐሳቡ ግን ያስቃል። ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ፊት ይማርካል ይላል፣ ዐይን የጤና ምልክት አድርጎ ስለሚያየው። የቁልፍ ሠሪው አፍንጫ ወደ ግራ የዞረ ነው። በዚህ ስሌት ዘሩ ድሮ መቋረጥ ነበረበት። ከሟች ሚስቱ ስድስት ልጆች አሉት።

የእኔ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በማስመሪያ የተሰመረ መልክ ነበረው። ሁለቱ ጆሮዎቹ እኩል። አንዱንም ግን አልሰጠኝም።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ሴቶቹ አንድ በአንድ እየገቡ አሸተቱ። ካናቴራዎቹ በአፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ፣ ቁጥር ብቻ። መጨረሻ ላይ «ይሞክሩት እማማ፣ ለጥናቱ አይቆጠርም» አለችኝ።

ቁጥር አንድ፣ ሽንኩርት። አራት፣ የታፈነ ቁም ሣጥን። ሰባት...

ብረት። የማሽን ዘይት። ከሥሩ ደግሞ ሰው። ማን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ። ክዳኑን ገጠምኩ። እንደገና ከፈትኩ።

ባሌ በሞተ በሦስተኛው ቀን ልብሱን ሁሉ አጥቤ ነበር። አንድ ሳይቀር። ከወር በኋላ ሸሚዙን ባሸት ሳሙና ብቻ ሸተተኝ። ጆሮ ያልሰጠኝ ሰው እንኳ ሽታው ይናፍቃል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ነጥቡን ዝቅ ላድርገው? የመምህርታችን ማስመሪያ ትዝ አለኝ። ውሸት አይጻፍም። ዘጠኝ። አሥር ለማንም አልሰጥም።

«እማማ! ዘጠኝ?»

«ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ወጣቶቹ ለእሱ ሁለትና ሦስት ነው የሰጡት። የራሳቸው ጉዳይ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ሰው ጤነኛ ልጅ እንዲወልድ ነው ተፈጥሮ የምታስመርጠው ይላል ረቂቁ። በሰባ አራት ዓመቴ ምን ልወልድ? ታዲያ አፍንጫዬ ለማን ነው የሚሠራው? ጥያቄውን በኅዳጉ ላይ ጻፍኩላት። «ቆንጆ ጥያቄ ነው፣ መደምደሚያው ላይ አስገባዋለሁ» አለች። መልሱን ግን አላወቀችውም። እኔም።

ዓርብ፣ የካቲት 20

አስገባች! ነጠላ ሰረዙ ሁሉ በቦታው።

እሑድ፣ የካቲት 22

ካናቴራዎቹን አጥቤ፣ ተኩሼ ለየባለቤቶቻቸው ላክሁ። አሥራ አንዱን።

ረፋዱ ላይ በር ተንኳኳ። ቁልፍ ሠሪው ነው። እጁ ታጥቧል፣ እስከ ክርኑ። የደረጃው መደገፊያም ተወልውሏል... አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

«እሜቴ፣ የእኔስ የት ደረሰ?»

«አልደረቀም።»

በመስኮቱ ፀሐዩን አየ። እኔን አየ። አፍንጫው ወደ ግራ፣ ፈገግታው ወደ ቀኝ። ሚዛኑን ጠብቋል ለካ።

«ከባድ ካናቴራ ነው፣ ይቆያል» አለ። «ሐሙስ መጥቼ ልጠይቅ?»

«ሐሙስም የሚደርቅ አይመስለኝም።»

«እንግዲያው እየተመላለስኩ እጠይቃለሁ።»

«ሲመጡ ጫማዎን ይጥረጉ።»

ሄደ። ውሸት አይጻፍም፣ ስለዚህ እውነቱን ልጻፍ፦ ካናቴራው ወንበሬ መደገፊያ ላይ ነው። ውሃ አልነካውም።