ዓሦቹ ደብረ ታቦር ገቡልሽ

ውድ ሠናይት፣

ኩዌት እንዴት ይዞሻል? ማዳም ዛሬም ትጮኻለች? እኔ ደህና ነኝ። የምጽፍልሽ ተአምር ስላየሁ ነው፤ ሳትስቂብኝ ጨርሺው።

ጡት ሳላስጥላት ትቻት ወደዚያ የሄድኩት ልጄ ጽጌ፣ ተመልሼም «እትዬ» ነው የምትለኝ። «እማዬ» የምትለው አያቷን፣ እናቴን ነው። ልስማት ስጠጋ እንጨት ትሆንብኛለች። አብረን እንጠብቃቸው ስለነበሩት የማዳም ዓሦች ሳወራላት ግን ጠጋ አለች። ነገ ዛሬ ሳልል ባሕር ዳር ወርጄ ሁለት ቀያይ ዓሦች ገዛሁ። መንገድ ላይ ቢሞቱብኝ ዳግም አታምነኝም ብዬ እንዴት ፈራሁ!

አንቺ እንዳስተማርሽኝ፣ ሻጩን ከጉዞው በፊት እንዳያበላቸውና ፌስታሉ ውስጥ ከውሃው አየሩን እንዲያበዛ ለመንኩት። በነጠላዬ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ታቀፍኳቸው። ከባሕር ዳር ወጣ እንዳልን አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ጥቅሉን ተሳለሙና፣ «ልጄ፣ የየትኛው ታቦት ጠበል ነው? እስቲ ለጉልበቴ ጠብ አድርጊልኝ» አሉኝ። አፍሬ ነጠላውን ገለጥኩት። ዓሦቹ በፀሐዩ ቦግ አሉ።

«ወይ የእጅህ ሥራ! ይህን ቀይ ከየት አመጣኸው?» ብለው ወደ ላይ አንጋጠው አማተቡ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አያቸው። እኔም ስንት ዓመት በማዳም ቤት ሳያቸው ኖሬ ያን ቀን ገና ያየኋቸው መሰለኝ። ዳገቱ ላይ ብርዱ ሲመጣ አሮጊቷ ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡላቸው። ሾፌሩም፣ «ዛሬስ የጫንኩት ነፍስ በዛ!» እያለ ጉድጓዱን ሁሉ በቀስታ አለፈው።

ቤት ስደርስ ጽጌ አሁኑኑ ካልገለበጥሻቸው ብላ አስጨነቀችኝ። «ቆይ የኔ ልጅ፣ ይደነግጣሉ» አልኳት። አስቀድሜ ቀድቼ ያሳደርኩት የገንዳው ውሃ ላይ ፌስታሉን እንደታሰረ አንሳፈፍነው። ቆይተን ከፈትነውና ከገንዳው በሲኒ ትንሽ ትንሽ እየቀዳን ስንጨምርላቸው ትከሻዋ ትከሻዬን ነካ። ትሸሻለች ብዬ አልተነቃነቅኩም። በማጥለያ አውጥተን ለቀቅናቸው፤ መብራቱን አጠፋን፤ ምግብም ከለከልናቸው። እናቴ፣ «እንዴ፣ የሩቅ አገር እንግዳ ጦሙን ያድራል?» ብላ ተቆጣችን።

በማግስቱ እኔና እናቴ ጓዳ ምስር ስንለቅም ጽጌ እየሮጠች መጣች።

«እማዬ! አሉ! ሁለቱም አሉ!»

ሁለታችንም ቀና አልን። የምታየው እኔን ነበር።

ሠናይትዬ፣ አንቺም ስትመጪ ማደሪያሽ ገንዳው አጠገብ ነው። ምን አመጣሽ፣ ምን ልትሠሪ ነው ብሎ የሚያጣድፍሽ የለም። ቀስ ብለሽ ትለምጃለሽ።

የጽጌ እናት፣
ወርቅነሽ