ስም ያልተጻፈበት አስተያየት

ይድረስ አንድ ዴስክ ላይ አብረሽኝ ለተቀመጥሽው ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እናትሽስ ወገባቸው ተሻላቸው? አዲሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው ሲሉ ሰምቼ ያን ሁሉ ደረጃ እንዴት ይወጡታል ብዬ አሰብኩ። ወንድምሽስ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባዬን ሳል ይዞት ሁለት ሳምንት ከሥራ ቀርቶ ነበር። አሁን እግሩን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ መሸመኑን ቀጥሏል። እኔም ያው ነኝ። ጠዋት ማግ አጠነጥናለሁ፣ ከሰዓትም ማግ አጠነጥናለሁ። የእናንተ ቤት ፈርሷል። አጥሩ ብቻ ቀርቶ የማንም ፍየል ይገባበታል።

ልደውልልሽ ብዬ ሁለት ጊዜ ስልክ ያዝኩና ተውኩት። አፌ እንደሚተሳሰር ታውቂያለሽ። ክፍል ውስጥ መምህሩ እኔን ሲጠይቀኝ እንኳ አንቺ ነበርሽ የምትመልሺልኝ። አክስትሽ ለወሩ ማርያም ቁስቋም ሲመጡ ይህን እሰጣቸዋለሁ። እባክሽ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ሰሞኑን አንድ ነገር በጣም ቀፎኛል። ምግብ እንኳ አልበላ ብሎኛል። መስከረም ላይ የአጎቴ ልጅ አማን የጻፈው ነው ብዬ የሰጠሁሽን ታስታውሻለሽ? አራት ደብተር በክር አንድ ላይ የተሰፋውን፣ ስለ ዘንዶ ጋላቢዋ ልጅ የሚያወራውን። ልጅቷ ከእንጦጦ ሥር ማግ ስታጠነጥን የምትውል ናት። ዘንዶውን በብረት ሰንሰለት ሊይዙት የሞከሩትን ሁሉ አቃጥሏቸዋል፣ እሷ ግን ከጥጥ ልጓም ሸምና ጋለበችው።

ዊንጌት ታክሲ ተራው ጋ መጽሐፍ የሚያከራዩት ጋሽ ዋቅጋሪ ያልታወቀ ሰው የጻፈውን ዝም ብለው አይቀበሉም። ደብተሩ ሱቃቸው ይቀመጣል። ደንበኛ እየወሰደ ያነብና ከኋላ ባሉት ባዶ ገጾች ላይ አስተያየቱን ጽፎ ይመልሳል። አሥራ አምስት ሰው ሲሞላ አይተው ከወደዱት ያስተይቡታል፣ ያስጠርዙታል፣ ከታተሙት ጋር መደርደሪያ ላይ ያደርጉታል። ካልወደዱት ይመልሱታል፣ ሁለተኛ አምጡ አይሉም። እስኪሞላ ድረስ ደግሞ ደራሲው አንዱንም ማየት አይችልም።

መጀመሪያ ለአንቺ የሰጠሁሽ ለዚህ ነበር። ሰው ዕድር ላይ እንዴት እንደሚናገር ታውቂያለሽ። አንዱ ተነስቶ የሆነ ነገር ካለ ሌላው ከእኔ በፊት እንደተባለው ይልና ይቀመጣል። አንቺ አሥራ አንደኛ ክፍል ነሽ፣ አጻጻፍሽም ያምራል። አንቺ ደህና ቃል ከጻፍሽ የቀረው ሰው ይከተላል ብዬ ነው። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አማን ማለቴ ነው፣ እሱ ነው ያሰበው።

ባለፈው ማክሰኞ ሞላ። ጋሽ ዋቅጋሪ ለደራሲው አሳዪውና ነገ ይዘሽው ነይ ብለው ሰጡኝ። ቤት ሳልደርስ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት።

ከሁለተኛው ልጀምርልሽ፣ አንደኛውን ኋላ እመጣበታለሁ። ሁለተኛው የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃይለ መለኮት ነው። ዘንዶ ማለት ሰይጣን ነው ይላል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር የወጋውን ይህ ሰው ኮርቻ ጫነበት ይላል። የሚያነበው ሁሉ ንስሐ ይግባ ይልና ከታች ደግሞ በትንንሽ ፊደል፣ ክፍል ሁለት ካለው በስልኬ ንገሩኝ ይላል። እሱስ ቢያንስ አንብቦታል።

የሰፈራችን ሱራፌል ደግሞ ከእኔ በፊት የጻፉት ሁሉንም ብለውታል ብሎ ፈርሟል። እሱ ጋ ቆይቶ ሲመጣ ከአምስተኛው ገጽ በኋላ ያሉት ሁለት ገጾች በሽሮ ተጣብቀዋል፣ እስከ አሥራ አራተኛው ሰው ማንም አልከፈታቸውም። አሥራ አምስተኛው ጋ ሲደርስ ነው በምላጭ የተለያዩት። ጳውሎስ ጋ ፋርማሲ የምትማረው አይዳ ደግሞ እሳት የሚተነፍስ እንስሳ መጀመሪያ የራሱ ሳንባ ነው የሚቃጠለው፣ ደራሲው ባዮሎጂ ይማር ብላለች። አንዱ ጋላቢዋ እውነተኛ ሰው ከሆነች ትደውልልኝ ብሎ ስልኩን ጽፏል። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ እንደሆነ መጀመሪያው ገጽ ላይ አለ! ያንን ሳነብ ገላዬ ላይ የሆነ ነገር የሄደብኝ መሰለኝ። ሌላዋ አስተያየቷ መሃል ሽንኩርት፣ ዘይት፣ የልብስ ሳሙና ብላ የምትገዛውን ጽፋ ሰርዛዋለች።

የቀሩት ሁሉ አንድ ናቸው። አንዱ ጥጥ ጥጥ ይሸታል የተባለው እውነት ነው ይላል። ሌላው ከላይ እንደተባለው ጸሐፊው ከጉድጓድ አልወጣም ይላል። ሦስተኛው እኔም በተባለው እስማማለሁ ብሎ ፈርሟል። አንዱ እንኳ ማን እንዳለው አይጠይቅም። ሌላ ሰው ያኘከውን እየተቀባበሉ የሚበሉ ነው የመሰለኝ።

አሁን ወደ አንደኛው ልምጣ። ስም የለውም። እንዳለ እገለብጥልሻለሁ።

«ይህን አንብቤ አቅለሸለሸኝ። ቀሰም ስትሞላ የምትውል ልጅ ዘንዶ ስትጋልብ ማን ያምናል? ዘንዶው ገና ሲጠጋት ሸትቶት ይሸሻል። ደብተሩ ራሱ ጥጥ ጥጥ ይሸታል። የጻፈው ሰው ከጉድጓድ ወጥቶ ዓለምን ያየ አይደለም። ጓደኛዋንስ እንደዚያ ፈሪ ያደረጋት ምን አድርጋው ነው? እንዲህ ያለ ሰው ስለ ሌላ ሰው ባይጽፍ ይሻላል።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቤት ስገባ እጄን ታጠብኩ። ነጠላዬን አሸተትኩ። ከዚያ ለምን እንደታጠብኩ ሳስበው ከጽሑፉ ይልቅ ራሴ ቀፈፍኩኝ። አባዬ ምሳ ቅረቢ ቢለኝ እምቢ አልኩ። ጉድጓዱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጀርባውን ሳይ ዋልኩ።

በመጀመሪያ ይህን የጻፈው የሀብታም ልጅ ነው ብዬ ነበር። ግን የሀብታም ልጅ ቀሰም የሚለውን ቃል ከየት ያመጣዋል? ማግ የሚጠቀለልባትን ያቺን ቁራጭ ሸምበቆ ከሸማኔ ቤት ልጅ በቀር በስሟ የሚጠራት የለም። እናትሽ ሽሮ ሜዳ ነጠላ ሲሸጡ እኔና አንቺ ከኋላ ተቀምጠን ማን ቶሎ ትሞላለች እያልን እንወራረድ ነበር። ሁልጊዜ አንቺ ነበርሽ የምታሸንፊው።

የአንቺ ነው እያልኩ አይደለም። ያኔ ልትለቁ ዕቃ ስትጭኑ ስለነበር ሳትጽፊበት ሱቁ መልሰሽው ይሆናል። ጋሽ ዋቅጋሪም ይህ የማን ጽሕፈት ነው ብለው ጠይቀውኝ አላውቅም ብያቸዋለሁ። አምስት ዓመት ከጎኔ ሲጻፍ ያየሁትን የመሰለ ጽሕፈት ሌላ ሰውም ሊኖረው ይችላል።

ስለ ጓደኛዋ ግን አንድ ነገር ልበል። መጽሐፉ ፈሪ አይላትም። ሁለቱ አብረው ሊወጡ ተማምለው ነበር፣ በጠዋት ጋላቢዋ ብቻዋን ወጣች፣ ሌላዋ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆማ ቀረች ነው የሚለው። አማን ይህን ሲጽፍ አጠገቡ ነበርኩ። እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩበትን ጠዋት እያሰበ ነው የጻፈው መሰለኝ። እንዳያስቀረኝ አብረን አባዬን ልንለምነው ተባብለን፣ አንቺ ዝም በይ እኔ እናገርልሻለሁ ብለሽኝ ነበር። በራችን ላይ ቆሜ ጠበቅኩሽ። አባዬ ምን ፈልገሽ ነው አለኝ። ምንም አልኩት። ምንም ካልፈለግሽ ማጉን አንሺ አለኝ፣ አነሳሁ። የዚያን ቀን ለምን እንዳልመጣሽ ጠይቄሽ አላውቅም። አሁንም አልጠይቅሽም። መጽሐፉ ላይ መግባቱ ግን ያስቀይማል፣ ያ እውነት ነው። አማን ጓደኛዋ ስታነበው ምን ይሰማታል ብሎ አላሰበበትም።

ረቡዕ ደብተሩን መልሼ ወሰድኩት። በቃ ይመልሱልኛል፣ ጣራ ሥር እወረውረዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ጋሽ ዋቅጋሪ ቆመው አገላበጡት። በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉረመረሙና ሳቁ። ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ሰው ነው እንዴ አሉኝ። አንዷ አስነጠሰች፣ ሌሎቹ ይማርሽ አሉ ብለው ቀለዱ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ከዚያ አሥራ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

አሥራ አምስተኛው የእማማ ደብሪቱ ነው። ወደ ቁስቋም በሚወስደው ዳገት ጎመን የሚሸጡት ሴትዮ ናቸው። ማንበብ አይችሉም። ልጃቸው ራኬብ ከሱቁ ወስዳው ገበያ ሲቀዘቅዝ እያነበበችላቸው ነው የጨረሱት። እሳቸው ያሉትን ራኬብ ጽፋ በአውራ ጣታቸው አስፈርማቸዋለች። ቀዩ ቀለም አሁንም አለ። የእሳቸውንም እንዳለ ልገልብጥልሽ።

«ለመሆኑ ዘንዶው ምን ይበላል? ሁዳዴንስ እንዴት አደረገው? ይህ አልተጻፈም፣ ይጻፍ። ልጅቷ ገደሉ ላይ ስትንሸራተት የያዝኩትን ጎመን ጣልኩት፣ ደንበኛም ተቆጣችኝ። በጥጥ መያዟን ወድጄላታለሁ፣ እኔም በሬ የማውቀው በለስላሳ ገመድ ሲገራ ነው። ያቺ ከታች የቀረችው ልጅስ? እዚያ ላይ ብርድ ነው። ማን ቤት ያስገባታል?»

ጋሽ ዋቅጋሪ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ፣ እኚህ ሴትዮ ፊደል ስለማይለዩ የፊተኞቹን አላዩም፣ ስለዚህ ከአሥራ አምስቱ ይህን መጽሐፍ ያነበቡት እሳቸው ብቻ ናቸው አሉ። ይተየባል አሉ።

ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አወጡና ደራሲው ይምጣና መፍቀዱን ይፈርም፣ ያ አማን የምትይው የት ነው አሉ። አማን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጎሚስታው ንቅንቅ አይልም። ያን ቀንም ጎማ ሲለጥፍ ነበር። ስለ ደብተሩም ማንም የነገረው አይመስለኝም። ወረቀቱ ግን እዚያው ቆሜ እያለሁ ተፈርሟል። ጋሽ ዋቅጋሪ ፊርማውን አዩ፣ የደብተሩን ጽሕፈት አዩ፣ እኔን አዩ። ለካ ልጓሙ እንዴት እንደሚሸመን እንዲህ የተብራራው ለዚህ ነው አሉና እንደገና ሳቁ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ።

ስለ አንባቢዎቹ ግን ደስ አላለኝም። መንገድ ላይ ሱራፌል ሰላም ሲለኝ ያ የተጣበቀው ገጽ ትዝ ይለኛል፣ እጁን መጨበጥ ይቀፈኛል። ኃይለ መለኮት ቅዳሴ ላይ ከፊቴ ይቆማል። ሰው እንዲህ ሳያነብ የሚፈርም ከሆነ ስንት ነገር ላይ ፈርሞ ይሆን እላለሁ። ጋሽ ዋቅጋሪ ግን አልገረማቸውም። የእማማ ደብሪቱን ቃል ፊት አድርገው ነው የሚያስተይቡት። መከተሉ ካልቀረ እሳቸውን ይከተሉ ብለዋል።

የአንደኛውን አስተያየት ገጽ እንድቀደው ለምኛቸው ፈቀዱልኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ። ላቃጥለው ነበር፣ ግን የሰው ቃል ነው፣ ባለቤት አለው። የማን እንደሆነ ብታውቂ ስጪልኝ። ያ የጻፈው ሰው ቢፈልግ ስሙን ይጻፍበት፣ ባይፈልግ ይቅደደው። እኔ እንዳልጣልኩት ብቻ ይወቅ።

መጽሐፉን የምትተይበው ጸሐፊ የምትጀምረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚስተካከል ካለ ይስተካከል ብለዋል። ስለ ዘንዶው ምግብ አንድ ገጽ ተጨምሯል፣ ሁዳዴን ባሕር ዛፍ ቅጠል እየበላ ነው የጾመው። ጓደኛዋ ግን አሁንም እዚያው ዛፉ ሥር ቆማለች። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ እንዴት ቤት እንደምትገባ አልታወቀም። ለምን እንዳልወጣች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ እሷ ካልነገረች የሚጻፍ ነገር የለም።

አክስትሽ በሚቀጥለው ወር ማርያምም ይመጣሉ። እስከዚያ ጸሐፊዋ እንድትቆይ ጋሽ ዋቅጋሪን እለምናቸዋለሁ፣ አፌ ከተፈታልኝ።

እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ቁስቋም ማርያም ደረጃውን ታቅልላቸው፣ ፈተናሽን ታቅናልሽ፣ ባለሽበት ከብርድ ትጠብቅሽ።

በራችን ላይ የቆምኩት
ጓደኛሽ