ከስልሳ አንድ ኪሎ ንቅንቅ ስላላለችው እህቴ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፤

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ፣ ቢሮዎስ፣ አዲሱ ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበርዎስ? እኔ ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ የምሠራው ልብስ ሰፊዎ ነኝ። ጤና የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ ምክንያቱም እርስዎ ከታመሙ ወደ ራስዎ ሆስፒታል ሊወስዱዎት ይችላሉ፣ ይህን ደግሞ ለማንም አልመኝም።

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ለጸሐፊዎ በእጄ ሰጥቼ ሁለቴም «ይታያል» ስለተባልኩ፣ ምናልባት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ይበልጥ ይታይ እንደሆነ ብዬ በአደባባይ ማውጣቴን ይቅር ይበሉኝ። ጉዳዩ ታላቅ እህቴን ይመለከታል። እትዬ ጡረታ የወጣች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ስትሆን፣ እኔንም ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባለፉት አራት ወራት በሆስፒታልዎ የካንሰር ሕክምና እየተከታተለች አራት ዙር መድኃኒት ወስዳለች፤ አምስተኛው የፊታችን ማክሰኞ ነው። በሐኪሞቹ ትጋትም ሆነ በነርሶቹ ደግነት ላይ ቅሬታ የለኝም። ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ ሌላውን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሚዛኑ። በመጀመሪያው ቀን እትዬ በኮሪደሩ ጫፍ፣ አንድ እግሩ በተጣጠፈ ካርቶን በተደገፈው ሚዛን ላይ ካፖርቷን እንደለበሰች፣ ጫማዋን እንደተጫማችና የእጅ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ወጥታ ስልሳ አንድ ኪሎ ተብላ ተመዘገበች። ከዚያ ሚዛኑ ለጥገና እንደሄደ ቀረ። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ሥራ ግን በሚዛን እጦት የሚስተጓጎል ባለመሆኑ፣ በሁለተኛው ዙር ስልሳ አንድ፣ በሦስተኛው ስልሳ አንድ፣ በአራተኛውም ስልሳ አንድ ተብሎ፣ እጅግ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ ከላይኛው መስመር ወደ ታችኛው ተገልብጧል። እህቴ በሕይወቷ እንዲህ ያለ የአቋም ጽናት አሳይታ ስለማታውቅ ሆስፒታሉን ከልብ አመሰግናለሁ።

እኔም በበኩሌ ደብተር አለኝ። ሕክምናውን ከመጀመሯ በፊት ቀሚስ ልሰፋላት ስለካት ክንዷ ሃያ ዘጠኝ፣ ወገቧ ሰማንያ አራት ሳንቲ ሜትር ነበር። ባለፈው ሰኞ ያንኑ ቀሚስ ለማጥበብ ስለካት ክንዷ ሃያ ሦስት፣ ወገቧ ሰባ አንድ ሆኖ አገኘሁት። ሜትሬ ያረጀ መስሎኝ አዲስ ሜትር አውጥቼ ደገምኩት። ቀጥዬም ወደ ሰፈራችን እህል ነጋዴ ይዣት ሄድኩ፤ እሱ ካፖርቷን አስወልቆ፣ ቦርሳዋን ተቀብሎ ሲመዝናት ሃምሳ ሁለት ኪሎ ሆነች። ሰውየው የጆንያውን ክብደት ሳይቀንስ መዝኖ የማያውቅ ጠንቃቃ ነው። የመድኃኒቱ መጠን የሚሰላው በክብደት እንደሆነ ነርሷ ነግራናለች፤ እንግዲህ የካፖርቱንም፣ የጫማውንም፣ የቦርሳውንም ድርሻ ብቻዋን ስትወስድ የከረመችው እትዬ ናት ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ መጠይቁ። በየዙሩ ከመድኃኒቱ በፊት ስለ ምግብ ፍላጎት የሚጠይቅ ቅጽ ይሞላል። እትዬ ደግሞ ሰው ቤት ሄዳ ረሃብ እያዞራት «አሁን በልቼ መምጣቴ ነው» የምትል ዓይነት ሴት ናት፤ የጠየቃት ሰው ነጭ ጋዋን ከለበሰማ ጭራሽ ይብስባታል። ጠያቂው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ይበላሉ?» ይላታል፤ እሷ «እግዜር ይስጥልኝ፣ በደንብ» ትለዋለች፤ እሱም «ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። ሁለት ጨዋ ሰዎች እንዲህ ተመሰጋግነው ይለያያሉ። ባለፈው ዙር ሳምንቱን ሙሉ የቀመሰችው ትንሽ ሾርባና ከእንቁላሉ ነጩን ብቻ ነበር። ቅጹ ላይ «ትናንት ምን በሉ? ምን ያህሉንስ ተዉት?» የሚል መስመር ቢጨመር እስክሪብቶውን እኔ አቀርባለሁ።

ሦስተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ስለሆነ እርስዎን አይመለከትም፤ ቁጥሩ እንዳይዘለል ብቻ ጽፌዋለሁ። እትዬ ማንኪያውን ባስቀመጠች ቁጥር፣ እልኸኛ ነሽ፣ ለእኛ ስትይ እንኳ አትበይም ወይ እያልኩ ስቆጣት ነው የከረምኩት። አንድ ቀን ሳህኑን ፊቷ ትቼ፣ በሩን አላትሜ ወጣሁ። ስመለስ እያለቀሰች ልትጨርሰው ስትታገል አገኘኋት። ያን ቀን ሳስብ አፍራለሁ፤ ማፈሬንም ነግሬያታለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ደሟ። ከሁለተኛው ዙር በፊት ደም ተወስዶ ውጤቱ ካርዷ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ከአንዱ ቁጥር ጎንም ኮከብ ተደርጓል። እትዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጎበዝ ተማሪዎቿ ደብተር ላይ ኮከብ ስታደርግ የኖረች በመሆኗ ደስ ብሏት ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። የኮከቡን ትርጉም የነገረን፣ ከሁለት ወር በኋላ፣ በሌላ ሐኪም ምትክ የገባ አንድ ወጣት ሐኪም ነው። ኮከቡ ቁጥሩ ከልክ ማለፉን እንደሚያመለክት፣ በሰውነቷም ውስጥ ብርቱ ብግነት፣ ማለትም የውስጥ መቆጣት እንዳለ፣ ብግነቱም ፍላጎቷን እንደሚዘጋውና የጎረሰችውን እንኳ ሥጋ እንዳይሆናት እንደሚያደርግ፣ ጭራሽ ያላትን ጡንቻ እንደሚያመነምንባት፣ ስለዚህ ክብደቷም፣ አመጋገቧም፣ ደሟም በየዙሩ አንድ ላይ መታየት እንዳለባቸው ደረጃው ላይ ቆሞ በሦስት ደቂቃ አስረዳን። ለካስ እልኸኛ አልነበረችም። ወጣቱ ሐኪም በማግስቱ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል፤ ለፈጣን እርምጃዎ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ሥነ ምግብ ክፍሉ። ክፍሉ እንዳለ፣ በሩም አዲስ ቀለም እንደተቀባ በዐይኔ አይቻለሁ። የሚከፈተው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ እትዬ ደግሞ ማክሰኞ መድኃኒቱን ከወሰደች ሐሙስን ከማስታወኪያ ባልዲዋ ቀና ሳትል ነው የምታሳልፈው። ቢሆንም ደጋግፌ ወሰድኳት። የክፍሉ ባለሙያ፣ አንዲት ትሑት ሴት፣ ካርዷን አገላብጣ ካየች በኋላ፣ ክብደቱ ያልቀነሰ ሕመምተኛ እንድትቀበል መመሪያው እንደማይፈቅድላት እያዘነች ነገረችን። እትዬም ስላስቸገርናት ይቅርታ ጠይቃት ወጣን።

እንግዲህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ ማክሰኞ ጠዋት መድኃኒቱ ከመሰቀሉ በፊት እትዬ ካፖርቷን አውልቃ እንድትመዘን፣ ክንዷ እንዲለካ፣ ደሟ እንደገና ታይቶ ወረቀቱን አንድ ሰው እንዲያነበው፣ ምን እንደበላችም ከእሷ ሳይሆን ከእኔ እንዲጠየቅ ነው። ሚዛን ከጠፋ እህል ነጋዴው የራሱን ሊያውሰን ፈቅዷል፤ በጋሪ ስለማመጣው ለጥበቃዎቹ ይንገሩልኝ። ሜትሩ እንደሆነ ከአንገቴ አይወርድም። እስካሁን የቀነሰችው ኪሎ ማንም ሳያየው ሄዷል፤ የቀረችውም እንዲሁ ሳትታይ እንዳትሄድብኝ ፈርቻለሁ።

ማህተምዎ አይድረቅ፣ ወንበርዎ አይንቀጥቀጥ እያልኩ፣ ከእግርዎ ሥር ባይሆንም ከአጥርዎ ሥር የማልጠፋው፣ ከልብ አክባሪዎ፣

ልብስ ሰፊው፣ የእትዬ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ ለሆስፒታሉ የምሥረታ በዓል የሚለብሱትን ሙሉ ልብስ እንድሰፋልዎ ባለፈው ሳምንት ጨርቁን በሾፌርዎ ልከውልኛል። እኔም ለልኬት እንዳላደክምዎ ብዬ፣ የመሥሪያ ቤትዎን አሠራር ተከትዬ፣ ከአራት ዓመት በፊት በደብተሬ ከሰፈረው ቁጥር ገልብጬ ቆርጬዋለሁ። ቅዳሜ መጥተው ሲለኩት ቁልፉ አልዘጋ ቢልዎ፣ ቀና ሳልል «ልክ ነው?» ብዬ እጠይቅዎታለሁ፤ እርስዎም «እግዜር ይስጥልኝ፣ በደንብ» ይበሉኝ፣ «ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ደግሞም ብዙ አይስጉ፤ ጨርቅ ስለሆነ ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል። እትዬ የወሰደችው መድኃኒት ግን አይተረተርም።